ሲዲ4 እስኪወርድ አትጠብቁ፦ ለኤችአይቪና ለቲቢ ፕሮግራም ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የኤችአይቪና የቲቢ ፕሮግራሞችን በየደረጃው ለምትመሩ፣ የሕክምና መመሪያ ለምታወጡ፣ ለምርምር በጀት ለምትመድቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ለቲቢ በተጋለጡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በሳንባቸው ስለሚሆነው ነገር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ኤችአይቪ በደሙ የተገኘበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉን ስንገምት መጀመሪያ የምናየው የሲዲ4 ቁጥሩን፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያሉትን በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት ነው። ቁጥሩ ከ500 በላይ ሲሆን እንረጋጋለን፤ ከ200 በታች ሲወርድ እንደነግጣለን። ቁጥሩ ጥሩ የሆነለት ሰው የቲቢ መከላከያ ሕክምናው ለሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ይተላለፍበታል። በየክሊኒኩ «አይዞዎት፣ ሲዲ4ዎ ጥሩ ነው፤ አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም» ሲባል እሰማለሁ። ይህን የሚሉት ባለሙያዎች ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሚያጽናኑበት ቁጥር ግን ሳንባ ውስጥ ያለውን አይናገርም። ኤችአይቪ የሳንባን የመጀመሪያ መከላከያ የሚያውከው ቁጥሩ ከመውረዱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ሰው ኤችአይቪ ከያዘው በኋላ በቲቢ የመታመም ዕድሉ መጨመር የሚጀምረው መቼ ነው? ብዙዎቻችን የምንገምተው ከዓመታት በኋላ፣ የመከላከል አቅም ሲዳከም ነው ብለን ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብቻ በቲቢ የሚታመሙት ሠራተኞች መጠን በእጥፍ ጨምሮ ነበር። በዚያ ጊዜ ደግሞ የአብዛኛው ሰው የሲዲ4 ቁጥር ገና ከፍ ያለ ነው፤ ሰውየው ራሱን የሚያየው እንደ ጤነኛ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ እንዳለም ላያውቅ ይችላል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሳንባው ውስጥ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የምጠይቃችሁ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲናገር ወይም ሲዘምር ከአፉ ከሚወጡት ጠብታዎች መካከል ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆኑት ለሰዓታት በአየር ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዘው ይቀራሉ። ጥቃቅኖቹ ግን እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ማክሮፋጅ የሚባል ሕዋስ ነው። ሥራው የአየር ከረጢቱን እየዞረ ማጽዳት ነው፤ አቧራም ይሁን ጀርም ያገኘውን ይውጣል፣ የዋጠውንም በአሲድና በኢንዛይም ያደቅቃል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን መዋጥ አይገድለውም። ማክሮፋጁ ውስጥ የታሰረበት ትንሽ ከረጢት አሲድ እንዳይሞላ ያግዳል፤ እዚያው ተቀምጦም በቀን አንድ ጊዜ ያህል ይባዛል። ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚባዙ ስናስብ ይህ በጣም ቀርፋፋ ነው። ነገር ግን የሰውነት ምላሽም ቀርፋፋ ነው።

ሕዋሳት ባክቴሪያውን ተሸክመው በአቅራቢያ ወዳለ የሊምፍ ዕጢ እስኪደርሱና እዚያ ያሉትን የሲዲ4 ሕዋሳት እስኪያነቁ ድረስ፣ በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። የነቁት ሕዋሳት ተባዝተው፣ ሳንባ ገብተው፣ ሥራ እስኪጀምሩ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያልፋል። በሰው ላይ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ውጤት ከተጋላጭነት በኋላ ለመለወጥ ከ2 እስከ 8 ሳምንት የሚወስደውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ ሳንባው ያለው ማክሮፋጁና ሌሎች ቶሎ የሚደርሱ ሕዋሳት ብቻ ናቸው። በቲቢ ከታመመ ሰው ጋር አንድ ቤት እያደሩ የቆዳም ሆነ የደም ምርመራቸው ጨርሶ የማይለወጥ ሰዎች አሉ። ቢያንስ አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን ያጠፉት በእነዚህ ቀዳሚ ሕዋሳት፣ ሲዲ4 ገና ሳይነቃ ነው ተብሎ ይታመናል።

ሲዲ4 ሕዋሳት ሲደርሱ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ማክሮፋጁ ያን ጊዜ ይበረታል፤ ታግዶ የነበረው አሲድ ይሞላል። ቲኤንኤፍ የሚባለው ሌላው መልእክተኛ ሕዋሳቱን አሰባስቦ ባክቴሪያውን ዙሪያውን ያስከብበዋል፤ ግራኑሎማ የምንለው ይህ ነው። የቲኤንኤፍ ሚና ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ የታየው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሕሙማን ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ሲጀምሩ ነው። ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ የነበረ ቲቢ በአንዳንዶቹ ላይ በወራት ውስጥ ተነሣ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2001 በሰፊው ተዘገበ።

ኤችአይቪ ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን ብቻ አይደለም የሚመታው። መጀመሪያ ራሱን ማክሮፋጁን ይይዛል። ይህን የምናውቀው ብሮንኮስኮፕ የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባ አስገብተው፣ ጨው ያለው ንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው አፍስሰው፣ መልሰው በመሳብ በተሰበሰቡ ሕዋሳት ነው። ተመልሶ የሚመጣው ፈሳሽ ደፍረስ ያለና በላዩ አረፋ የያዘ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከሚገኙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ማክሮፋጆች ናቸው። በማላዊ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት የሳንባ ማክሮፋጆችን ለየ። ትናንሾቹ በቫይረሱ ይበልጥ የተያዙ ሆነው ተገኙ፤ የመዋጥ አቅማቸውም ተዳክሞ ነበር። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ የሕዋሱን አሟሟት ተመልክተዋል። በባክቴሪያ የተያዘ ጤናማ ማክሮፋጅ በቲኤንኤፍ ተገፋፍቶ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል፤ በዚህም ባክቴሪያው መኖሪያ ያጣል። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ሳንባ የተወሰደው ማክሮፋጅ ግን ይህን ምላሽ በሚገባ አይሰጥም። ማክሮፋጁ ባለመሞቱ ባክቴሪያው ይጠቀማል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመታው ቲቢን ለይተው የሚያውቁትን የሲዲ4 ሕዋሳት ነው። ይህ ለኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። ኤችአይቪ የሲዲ4 ሕዋሳትን ሁሉ እኩል አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2010 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የቲቢን ባክቴሪያ ለይተው የሚያውቁት የሲዲ4 ሕዋሳት ከሌሎቹ ቀድመው በቫይረሱ ይያዛሉ፤ ቀድመውም ይመናመናሉ። ሌሎች በሽታዎችን የሚያውቁ ሕዋሳት ገና በቦታቸው ሳሉ እነዚህ አልቀዋል። ጠቅላላው ቁጥር 600 ነው ሲባል ከ600ው ውስጥ ቲቢን የሚያውቁት ስንት እንደቀሩ አይነግረንም። የአንድ ከተማን ሕዝብ ቆጥሮ አዋላጆቿ ስንት እንደሆኑ ማወቅ እንደማይቻል ማለት ነው። በዚያ ላይ የምንቆጥረው የክንድ ደም ውስጥ ያለውን እንጂ የሳንባውን አይደለም። ከሳንባ በሚታጠብ ፈሳሽ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ሳንባ ያሉ ቲ ሕዋሳት ለቲቢ የሚሰጡት ምላሽ መድከሙን አሳይተዋል።

ኤምኤአይቲ የሚባሉ፣ የባክቴሪያን ኬሚካል ቶሎ አውቀው የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳትም አሉ። ኤችአይቪ ሲገባ እነዚህም ከደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ወደ ቀድሞ ብዛታቸው ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ ቲቢ በበኩሉ በታመመው የሳንባ ክፍል ቫይረሱ እንዲባዛ ይገፋፋል። አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

ይህ ሁሉ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ክስተት አለ። ከዲሴምበር 1990 እስከ ኤፕሪል 1991 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት አንድ የመኖሪያ ተቋም ቲቢ ተዛመተ። አንድ ነዋሪ ታሞ ነበር። ከእሱ ጋር ለተመሳሳይ አየር ከተጋለጡት 30 ነዋሪዎች 11ዱ በቲቢ ታመሙ፤ ሌሎች 4 ደግሞ የቆዳ ምርመራቸው ተለወጠ። የባክቴሪያው የዘር ምርመራ በሽታው ከአንድ ምንጭ መምጣቱን አረጋገጠ። እዚያው ተቋም ውስጥ የተጋለጡ 28 ሠራተኞችም ነበሩ። ቢያንስ የ6ቱ የቆዳ ምርመራ ለቲቢ ምላሽ ሰጥቷል፤ አንድም ሠራተኛ ግን አልታመመም። የተነፈሱት አንድ ዓይነት አየር ነው፤ ባክቴሪያውም አንድ ነው። ኤችአይቪ የሌለበት በቲቢ የተያዘ ሰው በዕድሜው ሙሉ የመታመም ዕድሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሆነ ይገመታል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ግን ከሦስት ነዋሪዎች ከአንድ በላይ የሚሆነው በወራት ጊዜ ውስጥ ታመመ። ያኔ ዛሬ ያለን መድኃኒት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሆኖም ክስተቱ የሚነግረን በሽታው በተጋለጡ ሰዎች ላይ ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል ነው፤ ኤችአይቪ እንዳለባቸው የማያውቁና ሕክምና ያልጀመሩ ሰዎች ዛሬም በዚያው ሁኔታ ላይ ናቸው።

«ዛሬ ሁሉም ሰው ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ይጀምራል፤ ስለዚህ ችግሩ ተቃልሏል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። በከፊል እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሁሉ የሲዲ4 ቁጥሩ ሳይታይ ሕክምና ይጀምር ማለቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተና ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የቲቢን ሕመም በ65 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ቅናሹ የታየውም የሲዲ4 ቁጥራቸው ዝቅተኛ በሆነው ብቻ ሳይሆን ከፍ ባለውም ላይ ነበር። ነገር ግን ቀሪው 35 በመቶ አለ። ሲዲ4 ከ500 በላይ ካገገመ በኋላም ቲቢ በብዛት ባለበት አካባቢ የሚኖር ኤችአይቪ ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ቫይረሱ ከሌለበት ጎረቤቱ ይበልጣል። የጠፉት የሳንባ ጠባቂዎች በሙሉ አይመለሱም። በመድኃኒቱ የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ተደብቆ የነበረ ቲቢ የሚገለጥበት ጊዜ ስለሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 1.25 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 161,000 የሚሆኑት ኤችአይቪ የነበረባቸው ናቸው። የመከላከያውም ሆነ የፈውሱ መድኃኒት እያለ ነው ይህን ያህል ሰው የሞተው።

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልምጣ።

የመከላከያ ሕክምና ንቁ ቲቢ (ሕመም ሆኖ የወጣ ቲቢ) እንደሌለ በተረጋገጠበት በዚያው ቀን ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህን ይፈቅዳል፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የመከላከል አቅሙ ምንም ይሁን ምን፣ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም፣ የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ማድረግ ባይቻል እንኳ መከላከያው ይሰጠው ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። በሥራ ላይ ግን «መጀመሪያ ኤአርቲውን (ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቱን) ይልመድ»፣ «ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) ይውረድ»፣ «የሲዲ4 ውጤት ይምጣ» የሚሉ ያልተጻፉ ሕጎች መንገድ ይዘጋሉ። በኮትዲቯር የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ቴምፕራኖ የተባለው ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከፍ ያለ ነበር። አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ለ6 ወር የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ከባድ ሕመም የደረሰባቸው በ35 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በኋላ በተደረገ ረዘም ያለ ክትትል ደግሞ የሞት ቅናሹ 37 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቱን ቀድሞ ከመጀመር ከሚገኘው ጥቅም ተጨማሪ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች አንዱ ሌላውን አይተካም።

የምርመራ ውጤት «ነጌቲቭ» ሲሆን ሰውን መመለስ ይቅር። ይህን አጥብቄ የምለው ከላይ የተረክሁትን ለምታውቁ ስለሆነ ነው። የቆዳ ምርመራው የሚለካው ቲቢን የሚያውቁት ሲዲ4 ሕዋሳት የሚሰጡትን ምላሽ ነው፤ ኤችአይቪ ቀድሞ የሚያጠፋው ደግሞ እነዚያኑ ሕዋሳት ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚደክመው በጣም በምንፈልገው ሰው ላይ ነው። ለኤችአይቪ ሕሙማን የቆዳው እብጠት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ እንደ አዎንታዊ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ያመልጣል። በኬፕ ታውን ካየሊቻ 1,329 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ላሉ ሰዎች አይሶናያዚድ ሲጨመርላቸው ቲቢ በ37 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የቆዳ ወይም የደም ምርመራቸው አዎንታዊ የሆኑት ብቻ ናቸው የተጠቀሙት የሚል ማስረጃ አልተገኘም።

ባሏ አክታው ተመርምሮ ቲቢ የተገኘበትን አንዲት ሴት አስቡ። እሷ ኤችአይቪ አለባት፤ መድኃኒቷን በአግባቡ ትወስዳለች፤ ቫይረሱ በደሟ አይታይም። ባሏ ሕክምና በጀመረ በሳምንቱ ትመጣለች። ሳል የላትም፣ ትኩሳት የላትም፣ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ሌሊት አያልባትም። የቆዳ ምርመራ ትደረጋለች፤ ውጤቱ ባዶ ነው። «ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች። ነገር ግን ከባሏ ጋር አንድ አልጋ ላይ ለወራት ተኝታለች፤ ባክቴሪያው ከገባም ገና የመለኪያ ጊዜው አልደረሰም። ያ ባዶ ውጤት ሊያሰናብታት ሳይሆን የመከላከያውን መድኃኒት በዚያው ቀን በእጇ ይዛ እንድትሄድ ሊያደርጋት ይገባ ነበር። የሚጀመርላት መድኃኒት ደግሞ የባሏን የመድኃኒት ምርመራ አይቶ መሆን አለበት፤ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ከሆነ መከላከያውም ይለያልና።

መድኃኒቱን በተመለከተ ዘመኑ ቀላል አድርጎታል። ሪፋፔንቲንና አይሶናያዚድ በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ይወሰዳሉ፤ ዶሉቴግራቪር የተባለውን ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ አዋቂዎችም የዶሉቴግራቪሩን መጠን መጨመር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በየቀኑ ለ1 ወር ብቻ የሚወሰደው የእነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች ሕክምና ከ9 ወር አይሶናያዚድ እንደማያንስ፣ የሚጨርሰውም ሰው እንደሚበዛ አሳይቷል። የጉበት ጉዳት ምልክቶችን መከታተልና ለነርቭ መከላከያ ቫይታሚን ቢ6 መስጠት የታወቀ ሥራ ነው። መከላከያው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያበዛል የሚለው ፍርሃት ብዙ ባለሙያዎችን ይዟል፤ ንቁ ቲቢ አለመኖሩ በሚገባ ከተጣራ ግን ጥናቶች ይህን የሚደግፍ ጉልህ ማስረጃ አላገኙም። ማጣሪያውም ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ አለ ወይ ብሎ በእያንዳንዱ ቀጠሮ በመጠየቅ ይጀምራል። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አይጠበቅም፤ ዛሬ የጀመረ ሳልም ይቆጠራል።

የክሊኒኮቻችን መጠበቂያ ክፍሎች ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል፣ ቱጌላ ፌሪ ከተባለ ቦታ የወጣውን ዘገባ ታስታውሳላችሁ። ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሕሙማን 52ቱ ሞቱ፤ አክታቸው ከተወሰደ በኋላ ግማሾቹ የኖሩት ከ16 ቀን አይበልጥም። ለኤችአይቪ የተመረመሩት 44ቱ በሙሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስደው አያውቁም፤ ይህም ያንኑ የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላ ሰው መቀበላቸውን ያመለክታል። ብዙዎቹ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሳንባቸው የመጀመሪያ መከላከያ የደከመ ሰዎችን ከሚያስል ሰው አጠገብ ለሦስት ሰዓት አስቀምጦ ሲዲ4 መቁጠር ራስን ማታለል ነው። መስኮት ይከፈት፤ የሚያስል ሰው ቀድሞ ይታይ፤ ጭንብል ይሰጠው፤ መድኃኒት ለመውሰድ ብቻ የመጣ ሰው ከበር ወስዶ ይመለስ።

ለምርምር በጀት ለምትመድቡ ደግሞ የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። ስለ ኤችአይቪና ቲቢ ከምናውቀው አብዛኛው ከደም የተገኘ ነው። ደም ለመቅዳት ይቀላል፤ በሽታው ግን የሚጀምረው ሳንባ ውስጥ ነው። ከሳንባ የሚታጠብ ፈሳሽን የሚያጠኑ፣ በቅርቡ የተጋለጡ ሰዎችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚከታተሉ ጥናቶች ውድ ናቸው፤ ተሳታፊውንም ያደክማሉ። ሆኖም መልሱ ያለው እዚያ ነው። ኤችአይቪ ኖሮባቸው፣ ቲቢ በበዛበት አካባቢ ለዓመታት ኖረው፣ ምርመራቸው ያልተለወጠ ሰዎች አሉ። ሳንባቸው ምን እንዳደረገ ብናውቅ ለክትባትም ለመድኃኒትም መንገድ ይከፍታል። የክትባት ሙከራዎችም ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው ያካትቱ። ኤም72 የተባለው እጩ ክትባት በሁለተኛ ደረጃ ሙከራው ቲቢን ወደ 50 በመቶ ያህል ሲቀንስ ተሳታፊዎቹ ሁሉ ኤችአይቪ የሌለባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተጀመረው ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች መካተታቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ክትባቶች ግን ይህን ለማድረግ የመጨረሻውን ደረጃ መጠበቅ የለባቸውም። የቲቢ ክትባት የሆነው ቢሲጂ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ የያዘ በመሆኑ ኤችአይቪ ላለባቸውና ሕክምና ላልጀመሩ ሕፃናት እንደማይሰጥ ታውቃላችሁ። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ክትባቱን የማያገኙት ለእነሱ የሚሆን ሌላ ክትባት ስለሌለን ነው።

በመጨረሻ ነገ ጠዋት ልታደርጉት የምትችሉትን አንድ ትንሽ ነገር ልጠይቅ። የኤችአይቪ ክትትል መዝገብ የሲዲ4 ዓምድ አለው፤ የቫይራል ሎድ ዓምድ አለው፤ የክብደት ዓምድ አለው። ይህ ሰው በቲቢ ከታመመ ሰው ጋር የኖረው ወይም የሠራው መቼ ነው የሚለው የሚጻፍበት ቦታ ግን በብዙ መዝገብ ላይ የለም። አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ «ለቲቢ የተጋለጠበት ቀን»። በአጠገቡም ሌላ፦ «መከላከያ የጀመረበት ቀን»። በየሩብ ዓመቱ በምትልኩልን የአፈጻጸም ቅጽ ላይም በሁለቱ ቀናት መካከል ያለፈውን ጊዜ ጠይቁን፤ እኛም ከየክሊኒኩ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በኤችአይቪ ክትትል ክፍል የሚሠራ የጤና ባለሙያ